ሁሉን የሚያውቀው ቅልና የጃርት «አላውቅም»

«ጆሯችሁ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው!»

«ልሙላው?»

«ሙላው!»

እንግዲያው ሞልቶ ሲፈስ እንዳትወቅሱኝ።

ዱሮ ዱሮ፣ አራዊት ማንበብና መጻፍ በሚያውቁበት ዘመን፣ በቆላው ሐይቅ ዳር አንዲት ጃርት ትኖር ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሁለቱን ቀብራለች። የተረፈቻትን አንዲቷን «ትርፌ» ብላ ጠራቻት። ልጆቿን የገደለባት ነብር አይደለም፤ ወጥመድም አይደለም። ጥርሳቸው ነው። በዚያ አገር የልጆች ጥርስ ነጭ ሆኖ ይበቅልና ይበልዛል። ቢጫ ይሆናል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ እንደ አሮጌ ሸክላ ይፈረፈራል። ጥርስ የሌላት ጃርት ደግሞ ሥር ካልቆፈረች፣ ቅርፊት ካልፋቀች፣ ሆዷን በምን ትሞላለች? በረሃብ ትሞታለች እንጂ።

ጃርት ይህን ስታስብ፣ ስታስብ ኖራ አንድ ጥርጣሬ አደረባት። «ውሃው ይሆን?» አለች።

በአገሩ ሦስት ውሃ አለ። አንዱ እንቁራሪት የሚንጫጫበት ድፍርስ ኩሬ ነው። አንዱ ወንዝ ነው። ሦስተኛው ከዓለት ሥር የሚፈልቅ፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚታይ፣ ኩልል ያለ ምንጭ ነው። ሁሉም ከሦስቱም ይጠጣል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚጎዳ ለማወቅ ከአንዱ ብቻ እየጠጡ አንድ ወቅት መቀመጥ፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው መሄድ ያስፈልጋል። ከአንድ ውሃ ዳር የማይነቃነቅ ደግሞ ምግብ ፍለጋ አይዞርም። ታዲያ እሷን ማን ያበላታል? ልጇንስ?

በዚያ ዘመን ንጉሥ አንበሳ «የጠያቂዎች ጎተራ» የሚባል ጎተራ ነበረው። ሕጉ አጭር ነው። የማታውቀውን በብራና ጽፈህ አምጣ። ለአገር የሚጠቅም ጥያቄ ከሆነ፣ መልሱን ስትፈልግ የምትበላው የዓመት ስንቅ ይሰፈርልሃል። ስንቁን ከመጫንህ በፊት ግን ሸንጎ ፊት ቆመህ ትጠየቃለህ። የዋሸ እፍኝ አይሰፈርለትም።

ጃርት ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ፣ ቀለም ነክራ ጻፈች። እንዲህ ነበር የጻፈችው። «የልጆቻችን ጥርስ ይፈረፈራል። ሁለት ልጆች ሞተውብኛል። ውሃው ይመስለኛል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ለማወቅ የዓመት ስንቅ ስጡኝ።»

ይህን ይዛ ወደ ጎተራው ደጅ ሄደች። በረኛው ቀበሮ ነው። ከራሱ በላይ፣ በመቃኑ ላይ አንድ ቅል ተንጠልጥሏል። ማመልከቻው በዝቶ የሽማግሌዎቹ ዓይን ስለደከመ፣ ቀድሞ የሚያነበው ቅሉ ነበር። ቀበሮ ብራናውን ከቅሉ ሥር ዘረጋው። ቅሉ ነፋስ ሳይነካው ኮሽ፣ ኮሽ አለና፣ «ጎደሎ ነው» አለ።

«ምኑ ነው የጎደለው?» አለች ጃርት።

«አምስት መስመር እኮ ነው፣ እመት ጃርት!» አለ ቀበሮ። «ጎረቤትሽ ከርከሮ ሦስት ብራና ሞልቶ ነው ያመጣው።»

«ከርከሮ መጻፍ ይችላል እንዴ?»

ቀበሮ ሳቀ። ጥርሱ ሲስቅ ዓይኑ አልሳቀም። «ዛሬ ማን ይጽፋል ብለሽ ነው? ከቀይ ገደል ሥር ዋሻ አለ። እዚያ ሁሉን የሚያውቅ ቅል ተሰቅሏል። ችግርሽን ንገሪው፣ ይጽፍልሻል።»

ጃርት በቀትር ወደ ዋሻው ሄደች። ቀትር ደግሞ ምን ዓይነት ሰዓት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጥላ ከእግር ሥር ይገባል፤ ወፍ ዝም ይላል፤ እናቶች ልጆቻቸውን «ውጭ አትውጡ» ይላሉ። በዋሻው ጣሪያ ላይ የሌሊት ወፍ እንኳ የለም። መሐል ላይ ቅሉ ብቻውን ተንጠልጥሏል። የተንጠለጠለበት ሐረግ ወደ ዓለቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ከየት እንደሚመጣ አይታይም።

«እንደምን ዋልክ፣ አያ ቅል?» አለች። ዋሻውም «ዋልክ፣ ዋልክ» ብሎ አስተጋባ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እሜቴ! ምን ልታዘዝ?» አለ ቅሉ። ዋሻው አላስተጋባም።

ጃርት እሾኋ ሁሉ ቆመ። ድምፁን የምታውቀው መሰላት። «እንደምን» ሲል እናቷን ይመስላል፤ «እሜቴ» ሲል የሞተ ባሏን። ቅሉ ስንት ዘመን ሙሉ ያላፊ አግዳሚውን ቃል ሲውጥ ኖሮ፣ የዋጠውን እየገጣጠመ ነበርና የሚናገረው። ያም ሆኖ ችግሯን ነገረችው። ስለ ትርፌ ነገረችው፣ ስለ ሦስቱ ውሃ ነገረችው።

«ግሩም ጥያቄ ነው!» አለ ቅሉ።

ጃርትን እስከዚያች ቀን «ግሩም» ያላት ሰው አልነበረም። ደስ አላት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ?

«አንድ እሾህ ብቻ አውሺኝ» አለ ቅሉ። ማን እንደነቀለው ሳይታወቅ አንድ እሾህ ከጀርባዋ ወጣ፤ በአየር ላይ ሄዶ በብራናው ላይ ብቻውን መጻፍ ጀመረ። ሦስት ብራና ሞላ። ጃርት ማንበብ ጀመረች። «የጥርስ መበለዝ ዘርፈ ብዙ መንስኤዎች ያሉት፣ የባለድርሻ አካላትን የተቀናጀ ርብርብ የሚሻ ጉዳይ እንደመሆኑ መጠን…» አንብባ አንብባ ደከማት። ያምራል። የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

«‹አላውቅም› ያልኩት የት አለ?» አለች።

«ጎተራ ጠባቂዎች ‹አላውቅም› የሚል አይወዱም፣ እሜቴ። አወጣሁት።»

«አውጥተህ የት አደረግኸው?»

ከቅሉ ሆድ ውስጥ እንደ ፍሬ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ኮሽ አለች።

ጃርት ቤቷ ስትገባ ትርፌ ጉንጯን ይዛ ጥግ ላይ ተኮራምታለች። «እማ፣ ዛሬስ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያመኝ?» አለቻት። ጃርት «አላውቅም ልጄ፣ ነይ እቀፊኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን «የሕመሙ መንስኤ ዘርፈ ብዙ እንደመሆኑ መጠን…» የሚል ነው፤ በለስላሳ ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳይደናቀፍ።

ትርፌ ወደ ግድግዳው ሸሸች። «እማ… አንቺ ነሽ?»

ጃርት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ደጋግማ ሞከረች። «አላውቅም» የምትለው ቃል ከምላሷ ላይ ጠፍታለች።

በማግስቱ ሦስቱን ብራና ይዛ ደጁ ላይ ቆመች። የበሩ ቅል በደስታ ተወዛወዘ። «ግሩም!» አለ። ልክ እንደ ዋሻው ቅል ነው ያለው። ጃርት ቀና ብላ ሐረጉን አየች፤ ሐረጉ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ወደ ቀይ ገደል አቅጣጫ ይሄዳል። ቅል ይጽፋል፣ ቅል ያነባል፤ አራዊት መሐል ቆመው ይራባሉ።

«አንዲት ነገር ብቻ ቀረች» አለ ቀበሮ። «እስካሁን ያገኘሽውን ጻፊ። ምንም ላላገኘ ጎተራው አይከፈትም።»

«ለማግኘት እኮ ነው ስንቅ የምጠይቀው!»

«እሱን ለቅሉ ንገሪው።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጃርት በቀትር ወደ ዋሻው ተመለሰች። ቅሉ ሁለተኛ እሾህ ተዋሰና ጻፈ። «አርባ ምንጮችን ቀምሻለሁ። ኩልል ያለው ምንጭ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጫለሁ። በሽታው ያለው በድፍርሱ ኩሬ ውስጥ ነው።»

«አርባ?» አለች ጃርት። «እኔ የማውቀው ሦስት ውሃ ብቻ ነው!»

«አርባ ያምራል፣ እሜቴ።»

«ኩልል ያለው ንጹሕ መሆኑንስ በምን አወቅህ?»

«ኩልል ያለ ነገር ንጹሕ ነው ሲባል ስንት ዘመን ሰምቻለሁ።»

ጃርት ብራናውን ልትቀደው ያዘችው። ከዚያ ትርፌ ትዝ አለቻት። ልጅቷ ጠንካራ ሥር ማኘክ ካቆመች ሰንብታለች። «ስንቁን ላግኝ እንጂ፣ እውነቱን በኋላ እደርስበታለሁ» ብላ የእግሯን አሻራ አተመችበት። እናት ናት፤ እኔ አልፈርድባትም። ነገር ግን አሻራዋ ብራናው ላይ ሲያርፍ፣ ከቅሉ ሆድ አንዲት ሌላ ፍሬ ኮሽ ስትል ሰማች። ያቺ ደግሞ «ተሳስቻለሁ» የምትለው ቃሏ ነበረች።

ጽሑፉ አለፈ። ማለፍ ብቻ አይደለም፤ ለንጉሡ ተነበበ። ንጉሥ አንበሳም «መልሱ ከተገኘ ምን እንጠብቃለን?» አለ። ነጋሪት ተጎሰመ። አዋጅ ወጣ። ኩሬው በእሾህ ይታጠር፤ ወንዙም ይቅር፤ ሕፃንና አራስ ሁሉ ኩልል ካለው ምንጭ ብቻ ይጠጣ ተባለ።

የከርከሮ ሚስት ልጆቿን አስከትላ ጃርት ደጅ መጣች። «ልጆቻችንን ያተረፍሽልን! ዕድሜሽን ያርዝመው!» እያለች እግሯ ላይ ወደቀች። ጃርት «ተሳስቻለሁ፣ እኔ አልቀመስኩትም» ልትላት ፈለገች። ከአፏ «ግኝቱ የብዙ ጥረት ውጤት እንደመሆኑ መጠን» የሚል ወጣ። የከርከሮ ሚስት መርቃት ሄደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አገሩ በሙሉ ያንን ብራና ይዞ ወደ ምንጩ ወረደ።

ጃርት ሸንጎ ቆማ ስንቁን እስክታገኝ ስትጠብቅ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ትርፌ ለስላሳ ሥር ነክሳ ጮኸች። የፊት ጥርሷ እኩሌታው እጇ ላይ ቀረ። ጃርት ያንን ቡናማ ስባሪ በእጇ ይዛ እየሮጠች ወደ ዋሻው ሄደች። ስትደርስ ቀትር ሆኗል።

«ምንጩ ንጹሕ ነው ያልከው እውነት ነው?» አለችው።

«ግሩም ጥያቄ ነው! ተሳስቻለሁ፣ እሜቴ። ንጹሑ ኩሬው ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ግሩም ጥያቄ ነው! ተሳስቻለሁ። ንጹሑ ወንዙ ነው።»

«ወንዙ?»

«ግሩም ጥያቄ ነው! ተሳስቻለሁ…»

ጃርት ድምፁን አወቀችው። «ተሳስቻለሁ» የሚለው በገዛ ድምፅዋ ነው። የራሷን ቃል ወስዶ፣ ሳያፍርበት፣ ሳይከብደው፣ እንደ ጠጠር እየወረወረ ይጫወትበታል። ጃርት ተንጠራርታ በቅሉ አፍ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ውስጡ ማንም የለም። ልብ የለም፣ ምላስ የለም። ታች የደረቀ ፍሬ ተከምሯል። ጆሮዋን ስታስጠጋ ፍሬው ይናገራል። «አላውቅም» ይላል አንዱ በከርከሮ ድምፅ። «አላውቅም» ይላል ሌላው፣ ከሞተ ሰባት ዓመት በሆነው ሽማግሌ ዝሆን ድምፅ። «አላውቅም፣ አላውቅም፣ አላውቅም» ይላሉ ማንነታቸውን የማታውቃቸው። በመካከላቸው የራሷን ሰማች። እንደ ታሰረ ልጅ ታለቅሳለች።

«ነገ ሸንጎ ትቆሚያለሽ» አለ ቅሉ። «መልሱን ልጻፍልሽ? አንድ እሾህ ብቻ አውሺኝ።»

«በምላሹ ምን ትወስዳለህ?»

ቅሉ «ግሩም ጥያቄ ነው» አላለም። በትርፌ ድምፅ፣ ልክ ትርፌ ሲያማት እንደምትለው አድርጎ፣ «እማ፣ አንድ እሾህ አውሺኝ» አለ።

ጃርት ጀርባዋን ሳትሰጠው፣ የኋሊት እየሄደች ከዋሻው ወጣች። ለምን አልሰበረችውም ትሉኝ ይሆናል። በልጇ ድምፅ የሚለምናትን እንዴት ብላ ትምታው? እናንተም ብትሆኑ ያው ነበራችሁ።

በማግስቱ ሸንጎው ንጉሡ ባለበት ከጎተራው ደጅ ተቀመጠ። ጠያቂዋ እማሆይ ኤሊ ናት። እሷ ቅል አታስነብብም። ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ታነባለች። ጃርት ትርፌን ይዛ መሐል ላይ ቆመች።

«ተጠየቂ!» አለች ኤሊ።

«ልጠየቅ!» አለች ጃርት።

«ከአርባው ምንጭ ሠላሳ ሰባተኛው የት ነው ያለው?»

ጃርት አፏን ከፈተች። «ሠላሳ ሰባተኛው ምንጭ በተቀናጀ አሠራር…» እያለ ቃሉ ይፈስ ጀመር። ሸንጎው «ግሩም! ግሩም!» አለ። ሁሉም ባንድ ድምፅ ነው ያለው፤ ድምፁም የቅሉ ነው።

«ተጠየቂ!»

«ልጠየቅ!»

«ኩልል ያለውን ምንጭ ለይተሽ ብቻውን ጠጥተሽዋል?»

«ይህ ግኝት ባለድርሻ አካላትን በማሳተፍ…»

«ግሩም! ግሩም!» አለ ሸንጎው።

ኤሊ አንገቷን ከድንጋይዋ አውጥታ ጃርትን ትክ ብላ አየቻት። «ተጠየቂ» አለች በዝግታ። «ልጄ፣ የማታውቂው ምንድን ነው?»

ጃርት ያ ለስላሳ ቃል ከጉሮሮዋ ሲወጣ ተሰማት። ምላሷን ነከሰች። ደም እስኪወጣ ነከሰች። ቃሉ ቆመ። ከዚያ ጃርት ጎንበስ ብላ የልጇን አገጭ ያዘች፤ ቀስ አድርጋ አፏን ከፈተችው፤ ሁሉም እንዲያይ ወደ ፀሐይ አዞረችው። ቡናማው፣ የተሰበረው፣ የተፈረፈረው ጥርስ ታየ።

ከወደ ኋላ የከርከሮ ሚስት ተነሣች። እሷም ዝም ብላ የልጇን አፍ ከፈተች። ሚዳቋ ተነሣች፣ የልጇን ከፈተች። ጥንቸል ተነሣች። እናቶች ሁሉ አንድ በአንድ ተነሥተው የልጆቻቸውን አፍ ከፈቱ። ሁሉም ቡናማ ነው። የበሩ ቅል የሚነበብ ብራና ፍለጋ ኮሽ፣ ኮሽ ሲል ብቻ ይሰማ ነበር።

ጃርት ብራናዋን አነሣች። አሻራዋን በጥፍሯ ፋቀችው። «ዋሽተሻል ወይ?» አለች ኤሊ። ጃርት «አዎ» ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ክፉው ምንጩ ነው! ይደፈን!» ብሎ አገሳ ንጉሥ አንበሳ።

«ይታገሡ፣ ጌታዬ» አለች ኤሊ። «ይህ ጥርስ ከሦስቱም ውሃ ጠጥቶ ያደገ ነው። ትናንት በችኮላ አንዱን አጠርን፣ ዛሬ በችኮላ ሌላውን እንደፍናለን? አጥሩ ይነሣ፤ አዋጁ ይሻር። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም።» ከዚያ ወደ ጃርት ዞራ አለቀሰች። «ሕግ ነውና ስንቁ ቀርቶብሻል፣ ልጄ።»

ጃርት ያለ ስንቅ ሄደች። በበጋው ወንዙ ዳር ተቀመጠች፤ ከወንዙ ብቻ ጠጣች። በበልጉ ኩሬው ዳር ተቀመጠች፤ ከኩሬው ብቻ ጠጣች። በክረምቱ ምንጩ ዳር ተቀመጠች፤ ከምንጩ ብቻ ጠጣች። የከርከሮ ሚስት ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ሥር ታመጣላት ነበር። ትርፌን ሚዳቋ አቀፈቻት፤ ለስላሳ ቅጠል እያኘከች አጎረሰቻት፤ እናቷ ጠጥታ ያለፈችውን ውሃ እየተከተለች አጠጣቻት። ጃርት ከሳች። ጀርባዋ ላይ እሾኋ ሳሳ።

ክረምቱ ሲያልቅ ሸንጎው መሐል ቆማ አፏን ከፈተች። የጃርት ጥርስ፣ ታውቃላችሁ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ያድጋል። በዚያ ዓመት ያደገው ጥርሷ ሦስት ቀለበት ነበረው። የበጋው ቀለበት ነጭ ነው። የበልጉ ቀለበት ነጭ ነው። የክረምቱ፣ ያ ኩልል ያለው ምንጭ ያበቀለው፣ ቡናማ ነው። ኤሊ ቀረብ ብላ በጣቷ ነካችው፤ ፊደል እንደምታነበው አነበበችው። ምንጩ በዚያኑ ቀን በድንጋይ ተደፈነ። የትርፌም ጥርስ ከሥሩ ነጭ ሆኖ ይበቅል ጀመር።

ጃርት ግን «አላውቅም» የምትለውን ቃል ዳግም አላገኘችም። ትርፌ «እማ፣ ከኮረብታው ማዶ ምን አለ?» ብላ በጠየቀቻት ቁጥር አፏን አትከፍትም። እጇን ትይዛትና አብረው ኮረብታውን ይወጣሉ።

ዋሻው ዛሬም አለ። ሐረጉም ረዝሟል ይላሉ፤ በየደጁ ስንጥቅ ይገባል ይላሉ። በቀትር በዚያ ስታልፉ በምታውቁት ሰው ድምፅ «ምን ልታዘዝ?» የሚል ብትሰሙ፣ ቆም ብላችሁ ይህን አስቡ። በሬህን አውስ፣ እህልህን አበድር፤ «አላውቅም»ህን ግን ለማንም አትስጥ፤ ውሃ ያለበትን የምታሳይህ እሷ ናት።